የኮሌጁ ፕሬዚዳንት የማንን በር ያንኳኳ?

በየዓመቱ ማርች 15 ሲደርስ የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ዋና አስተዳዳሪ የመጪውን ዓመት ረቂቅ በጀት ለካውንቲው ምክር ቤት ያስረክባል። በኤፕሪል ነዋሪው እየተመዘገበ ሐሳቡን የሚናገርባቸው መድረኮች ይከፈታሉ። እስከ ጁን 1 ድረስ አሥራ አንዱ የምክር ቤት አባላት ድምፅ ሰጥተው ይጨርሳሉ፤ ጁላይ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ትምህርት ቤቱ፣ ፖሊሱ፣ እሳት አደጋው፣ አውቶቡሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሻሙት ገንዘብ ይኸው ነው። ከተሻሚዎቹ አንዱ እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንማርበት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነው።

ኮሌጁን እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የሚመሩት ዶክተር ጀርሜን ዊሊያምስ ናቸው፤ ከዚያ በፊት በኒውዮርክ የናሶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያ ወንበር ላይ ማንም ይቀመጥ፣ ቀኑን የሚበሉት ሁለት ሥራዎች ናቸው፦ በጀት የሚመድቡትን ባለሥልጣናት መወትወትና ከለጋሾች ገንዘብ ማሰባሰብ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚጠሩ እንደ አንድ ሥራ የሚያያቸው ብዙ ነው። እኔ ግን የመንግሥት ኮሌጅ መሪ ሁለቱን ለይቶ ካላየ፣ የትኛው እንደሚቀድምም ካላወቀ፣ ዕዳው ተማሪው ላይ ይወድቃል እላለሁ። ዕዳው ከሚወድቅባቸው መካከል የእኛ ልጆችና ወንድም እህቶቻችን ከፊተኞቹ ናቸው።

ኮሌጁ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ለመማር በሚጋፉበት በዚያ ጊዜ የራሱ ሕንፃ ስላልነበረው በቤተዝዳ ቼቪ ቼዝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማታ ማታ ያስተምር ነበር። በ1950 ታኮማ ፓርክ ላይ የብሊስ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤትን ግቢ ይዞ ገባ፤ በ1965 የሮክቪሉ፣ በ1978 የጀርመንታውኑ ግቢ ተከተሉ። በ2024 በካውንቲው ምሥራቃዊ ክፍል፣ አፍሪካውያን ስደተኞች በብዛት በሰፈሩበት አካባቢ፣ የትምህርት ማዕከል ተከፈተ። የነርስነትና የሌሎች ጤና ሙያዎች ሕንፃው ሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ከእኛ ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች በእግር የሚደረስ። ከውጭ አገር ተወልደው እዚህ ከሚማሩት መካከል የኢትዮጵያ ልጆች ከቀዳሚዎቹ ረድፍ ውስጥ ናቸው።

ተማሪዋ ማን እንደሆነች ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ያውቋታል። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በረዳት ነርስነት (ሲኤንኤ) ትሠራለች። ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ መጋረጃውን ዘግታ ጥቂት ትተኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ሻወር ወስዳ፣ ዩኒፎርሟን በቦርሳ ይዛ፣ አናቶሚ ክፍል ትገባለች። አገር ቤት ዲግሪ ነበራት፤ እዚህ ግን ከእንግሊዝኛ ኮርስ ጀመረች። በአንድ ሴሚስተር ከሁለት ኮርስ በላይ መያዝ አትችልም። በዚህ አካሄድ ለነርስነቱ መግቢያ የሚጠየቁትን ኮርሶች ለመጨረስ ብቻ ዓመታት ይፈጅባታል። በመካከል መኪናዋ ከተበላሸ፣ ወይም የቤት ኪራይ ከተጨመረ፣ መጀመሪያ የምትተወው ኮርሱን ነው። ስንፍና አይደለም፤ ከወጪዎቿ ሁሉ ሊቆይ የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህችን ሴት የሚያስተምራት ገንዘብ የሚመጣው ከሦስት ኪስ ነው። አንደኛው የካውንቲው ነው፤ በዋናነት ከንብረት ግብርና ከነዋሪው የገቢ ግብር የሚሰበሰብ። ሁለተኛው የሜሪላንድ ስቴት ድጎማ ነው። ሦስተኛው ራሷ የምትከፍለው ነው።

የስቴቱን ኪስ ትንሽ ቆም ብለን እንየው፤ ብዙው ክርክር ያለው እዚያ ነውና። ሜሪላንድ ውስጥ 16 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ለአብዛኞቹ ስቴቱ የሚሰጠው ገንዘብ የሚሰላው በሟቹ የስቴት ሴናተር በጆን ኬድ ስም በሚጠራ ቀመር ነው። ቀመሩ የሚለው ይህን ነው፦ ስቴቱ በተመረጡ የአራት ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ ለአንድ ተማሪ ከሚያወጣው ገንዘብ የተወሰነው መቶኛ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ይሰጥ። ሕጉ ያስቀመጠው ግብ 29 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ግብ ተሟልቶ እንኳ ለዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቶ ብር ሲወጣ ለኮሌጇ ተማሪ የሚደርሳት ሃያ ዘጠኝ ብር ነው ማለት ነው። ግቡም ቢሆን በጀት በጠበበ ቁጥር ወደ ኋላ ሲገፋ ኖሮ የተሟላው በ2023 የበጀት ዓመት ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2025 ሜሪላንድ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ሲገጥማት፣ ሕግ አውጪዎቹ መቶኛውን እንደገና ዝቅ አደረጉት።

ቀመሩ ሌላም ጠባይ አለው። የሚቆጥረው የዛሬን ተማሪ አይደለም፤ የሁለት ዓመት በፊቱን ነው። ሥራ ሲጠፋ ሰው ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይጎርፋል፤ ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ በመላው አሜሪካ የታየው ይኸው ነበር። ስለዚህ ኮሌጁ ተማሪ ሲበዛበት የሚሠራው ተማሪ ባነሰበት ዘመን በተሰላ ገንዘብ ነው። ከዚህ ላይ ደግሞ ካውንቲው ለኮሌጁ የሚሰጠውን ካለፈው ዓመት ካሳነሰ፣ ኮሌጁ ከስቴቱ ሊያገኝ የሚችለውን ጭማሪ ያጣል። አንዱ ኪስ ሲሳሳ ሌላውን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

የካውንቲው ኪስም በሥጋት ውስጥ ነው። ብሔራዊ የጤና ተቋሙ ቤተዝዳ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ዋይት ኦክ ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ካውንቲ ውስጥ። በ2025 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞቹን በገፍ ሲያሰናብት የተመታው የእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ከደሞዙ ግብር የሚሰበስበው ካውንቲም ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ሙዲስ የተባለው የብድር ደረጃ መዳቢ ሜሪላንድን ከከፍተኛው እርከን አወረዳት።

ሁለቱ ኪሶች ሲሳሱ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። የትምህርት ክፍያ ሲጨምር በዜና አይነገርም፤ ሰልፍም አይወጣም። የሌሊት ሠራተኛዋ ዝም ብላ ከሁለት ኮርስ ወደ አንድ ትወርዳለች። በመዝገብ ላይ አሁንም ተማሪ ናት፤ መመረቂያዋ ግን ራቀ።

እንግዲህ የፕሬዚዳንቱ ቀዳሚ ሥራ ምን እንደሆነ ከዚህ ይነበባል። ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ወርዶ የኬድን መቶኛ ማስመለስ፣ በካውንቲው መቀመጫ ሮክቪል ላይ የካውንቲው ድርሻ እንዳይቀንስ ማስከበር። ይህ ሥራ ፎቶ የማይነሱበት ሥራ ነው። ሪባን አይቆረጥበትም፤ ግድግዳ ላይ ስም አይጻፍበትም። አንድ መቶኛ ነጥብ በቀመሩ ውስጥ ከፍ ሲል ግን በቀመሩ በሚደገፉት ኮሌጆች ያለ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ማመልከቻ ሳይሞላ፣ ችግሩን ለማንም ሳያስረዳ፣ ይጠቀማል። የትኛውም ልገሳ ይህን አያደርግም።

በዚህ ላይ የኮሌጅ መሪዎች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ፈተና አለ፤ እሱም የሕንፃ ፍቅር ነው። ለግንባታ ስቴቱና ካውንቲው ወጪውን ይጋራሉ፤ አዲስ ሕንፃ ለምክር ቤት አባሉም ለፕሬዚዳንቱም የሚታይ ውጤት ነው። ሕንፃ አያስፈልግም አልልም፤ የምሥራቁ ማዕከል ሰዎችን ሁለት አውቶቡስ ከመቀያየር ገላግሏል። ነገር ግን መሪው በአንድ የሕግ አውጪዎች ዘመን የሚያወጣው ተሰሚነት ውሱን ነው። ያንን በሕንፃ ላይ ከጨረሰው ለቀመሩ የሚተርፍ የለውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሥራ ስድስቱ ኮሌጆች እየተሻሙ እያንዳንዱ ለየግቢው ሲለምን ነው። የጋራ ማኅበር አላቸው፤ በአንድ ድምፅ ሊጠይቁ የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ቀመሩ መሆን አለበት።

ምን ብለው ይጠይቁ የሚለውም ቀላል አይደለም። ዛሬ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መሪ ምክር ቤት ፊት ሲቀርብ የሚያነሳው ቃል አንድ ነው፤ የሰው ኃይል። ሆስፒታሉ ነርስ ይፈልጋል፣ የሳይበር ኩባንያው ቴክኒሻን ይፈልጋል፣ እኛ እናወጣላችኋለን። ይህ ይሰማል፤ እውነትም ነው። ግን ኮሌጁ በዚህ ብቻ ሲከላከል ቀስ በቀስ በዚህ ብቻ መለካት ይጀምራል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ማንንም በቀጥታ ሥራ አያስቀጥርም፤ ያለ እሱ ግን ከላይ ያልናት ሴት አናቶሚ ክፍል ደጃፍ አትደርስም። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሚማረው ልጅም ሁለት ዓመት እዚህ በርካሽ ተምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል፤ ይህ ለቤተሰቡ የሚያተርፈው ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ውትወታ ላይ ያልተነሳ ነገር በጀት ላይም አይነሳም። የሰው ኃይሉን ዓላማ ይዞ እንግሊዝኛውን የሚረሳ መሪ የእኛን ማኅበረሰብ ከመግቢያው በር ላይ ነው የሚያስቀረው።

ዋሽንግተንም የራሷ ድርሻ አላት። በየዓመቱ ፌብሩዋሪ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የቦርድ አባላትና ፕሬዚዳንቶች ከመላው አገሪቱ ተሰብስበው ወደ ኮንግረስ ይወጣሉ። ትልቁ ሕልማቸው ነፃ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2015 ሐሳቡን አቀረቡ፤ አላለፈም። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 በትልቁ የማኅበራዊ ወጪ ረቂቃቸው ውስጥ አስገቡት፤ ከድርድሩ ተቆርጦ ወጣ። በዚያው በፌብሩዋሪ ጉባኤ ላይ፣ በ2022፣ እንዳልተሳካ ለመሪዎቹ የተናገሩት ቀዳማዊት እመቤት ጂል ባይደን ነበሩ፤ ራሳቸው ያኔ በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አስተማሪ። ያን የመሰለ ጠበቃ ዋይት ሐውስ ውስጥ እያላቸው ካልተሳካ፣ በቅርብ ዓመታት ከዋሽንግተን ትልቅ ነገር መጠበቅ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ከዋሽንግተን የሚጠበቀው ያለውን ማስጠበቅ ነው። ያለው ፔል ግራንት ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪ የሚሰጥና የማይመለስ፣ ከ2023 ጀምሮ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ላይ የቆመ። የካውንቲው ነዋሪ ለሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ በአብዛኛው የኮሌጁን ክፍያ ይሸፍናል። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 2026 ጀምሮ 8 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ከ15 ሳምንት ላነሱ የሥራ ሥልጠናዎችም ፔል እንዲከፈል ፈቅዷል። ይህ ለብዙ የእኛ ሰው በር ይከፍታል። ሥጋቴ አንድ ነው፦ ስደተኛው በአጭር ሥልጠና ተቀጥሮ እዚያው ዝቅተኛ ደሞዝ ላይ እንዳይቀር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት በአጭሩ ሥልጠና የተገኘው ክሬዲት ለዲግሪ እንዲታሰብ የማድረግ ኃላፊነት አለበት፤ ይህ ግቢው ውስጥ የሚወሰን ነገር ስለሆነ ማንንም መለመን አያሻውም።

አሁን ወደ ለጋሾች በር እንምጣ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከሦስት አንዱን ያህል ያስተምራሉ፤ ለከፍተኛ ትምህርት ከሚለገሰው ገንዘብ ግን የሚደርሳቸው ፍርፋሪ ነው። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሁለት ዓመት እዚህ ተምሮ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ ሰው፣ ሀብት ሲያፈራ ቼኩን የሚልከው ለመጨረሻው ትምህርት ቤቱ ነው። የእግር ኳስ ቡድኑም፣ የተመራቂዎች ማኅበሩም፣ ቀለበቱም የዩኒቨርሲቲው ነው። ያስተማሩት ግን ሁለቱም ናቸው፤ በጣም በተቸገረበት ጊዜ የተቀበለው ደግሞ የመጀመሪያው ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መሪ የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ መጀመር ያለበት እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ከማግኘት ነው። ለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ሳይመረቁ የተሻገሩትን ጭምር የያዘ። ብዙ ኮሌጆች ይህ መዝገብ የላቸውም።

በጁን 2021 አንድ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ባለጸጋዋ ለጋሽ ማኬንዚ ስኮት በካሊፎርኒያ ለፓሳዲና ሲቲ ኮሌጅና ለሎንግ ቢች ሲቲ ኮሌጅ ለእያንዳንዳቸው 30 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች፤ ለምን እንደሚውል ሳትወስን። ወሬው ለሁሉም ኮሌጅ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቶች እንዲህ ያለ ስልክ ይደወልልናል ብለው ይጠብቃሉ። ይህ ግን ዕድል ነው፤ ዕቅድ ሊሆን አይችልም። የተለመደው ልገሳ ገመድ የታሰረበት ነው፤ ለእገሌ መታሰቢያ፣ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ፣ ለዚህ ላብራቶሪ። በዚህ ገንዘብ መብራት አይከፈልም፤ በየሴሚስተሩ ውል እየፈረመ በሁለትና በሦስት ኮሌጅ የሚያስተምረው የትርፍ ሰዓት መምህር ደሞዝ አይሻሻልም። የመንግሥት በጀት የጎደለውን በልገሳ እሞላለሁ የሚል መሪ ከጊዜ በኋላ የሚያገኘው ስም የተጻፈባቸው ክፍሎችና መምህር ያጠራቸው ኮርሶች ነው። ምክር ቤቱም ይህን ሲያይ "እናንተማ ለጋሽ አላችሁ" ይላል፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ታዲያ የለጋሽ ገንዘብ ለምን ይውላል? መልሴ ይህ ነው፦ ሕጉ ዘሎ ያለፋቸውን ሰዎች ለመድረስ። የሕዝብ ገንዘብ የሚሄደው ሕግ በፈቀደለት መንገድ ብቻ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻ አስገብቶ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ሥራ መሥራት ይፈቀድለታል፣ ግብር ይከፍላል፤ ፔል ግራንት ግን አያገኝም። ጥገኝነቱ ሲፈቀድለት ብቻ ነው የሚደርሰው። ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲፒኤስ የምንለውን፣ የያዘውም የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ አይመለከተውም። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በእነዚህ ሁለት ሁኔታዎች ውስጥ ያለ ሰው ስንት እንደሆነ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጠሮው ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ያ ዕድሜ የመማሪያ ዕድሜ ነው። የኮሌጁ ፋውንዴሽን ከመንግሥት የተለየ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ ይህን ሰው ለመርዳት ከኮንግረስ ፈቃድ አይጠብቅም። ፕሬዚዳንቱ ለጋሽ ፊት ሲቀመጥ ሊያነሳው የሚገባ የመጀመሪያ ሰው ይህ ነው።

ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ነው፤ መኪናዋ ለተበላሸባት ሴት። እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ አያያዝ አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ለጋሾችም ፋውንዴሽኖችም የሚወዱት ዘላቂ ጥሪት ማኖርን ነው፦ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ኢንቨስት ይደረጋል፣ ከትርፉ በየዓመቱ ከአራት እስከ አምስት በመቶ ይወጣል። 100,000 ዶላር ቢቀመጥ በዓመት የሚገኘው 4,000 ወይም 5,000 ነው፤ የአንድ ተማሪ ስኮላርሺፕ። ያው 100,000 በአንድ ዓመት ውስጥ በ500 በ500 ዶላር ቢሰጥ 200 ሰዎች ኮርሳቸውን ሳያቋርጡ ይጨርሳሉ። ጥሪቱ ለዘለዓለም ስም ያስጠራል፤ አስቸኳይ ድጋፉ ዛሬ ሰው ያስመርቃል። ሁለቱም ቦታ አላቸው። ተማሪዎቹ እንደዚህ በትንሽ ነገር ለሚደናቀፉበት ኮሌጅ ግን ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ማጋደል አለበት ባይ ነኝ፤ ድጋፉም በሁለት ቀን ውስጥ የሚደርስ፣ አንድ ገጽ ቅጽ ብቻ የሚጠይቅ መሆን አለበት። ሦስት ሳምንት የሚፈጅ አስቸኳይ ድጋፍ መኪናዋን አያሠራም።

የእኛስ ቦታ የት ነው?

ገንዘብ ማሰባሰብን ማንም አያስተምረንም። በየዓመቱ ስንት ቤተ ክርስቲያን በምእመናን መዋጮ ይገዛል፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ሳይቀዘቅዝ አገር ቤት መላኪያው ይሞላል። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተናል፤ ግድቡም በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። በ2018 በቀን አንድ ዶላር ተብሎ ለተቋቋመው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ካዋጡት መካከል በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አሉበት። ውትወታንም እናውቃለን። ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት የቀረበው ኤችአር 128 የተሰኘው ውሳኔ በኤፕሪል 2018 የኮንግረሱን የታችኛውን ምክር ቤት ያለፈው የእኛ ሰዎች በየስቴቱ የተወካዮቻቸውን ቢሮ ደጅ ጠንተው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜም በየጎራችን ሆነን፣ በብርድ ቆመን፣ ካፒቶል ፊት ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኸናል።

ይህ ሁሉ ጉልበት አገር ቤትን ለሚመለከት ጉዳይ የወጣ ነው፤ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሮክቪል ላይ፣ የልጆቻችን ኮሌጅ በጀት በሚወሰንበት አዳራሽ፣ የእኛ ወንበር ባዶ መሆኑ ነው። የኮንግረሱ የታችኛው ምክር ቤት 435 አባላት አሉት፤ እዚህ የሚወስኑት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ለመናገር የሚያስፈልገው አስቀድሞ መመዝገብና ሁለት ሦስት ደቂቃ የሚሆን ንግግር ነው፤ መምጣት የማይችል በጽሑፍ ይልካል። የምክር ቤት አባል ፊት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሲናገር የሚሰማው ደሞዝተኛ ነው። ሌሊት ሠርታ የመጣች የነርስነት ተማሪ ስትናገር ግን መራጭ ናት፤ ወይም የመራጭ ጎረቤት፣ እህት፣ እናት። ካውንቲው ከጎንደር ጋር የእህትማማች ከተማነት ውል አለው፤ በትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች የሚላኩ ማስታወቂያዎች በአማርኛ ይተረጎማሉ። ማለትም መኖራችን ታውቋል። የቀረው ምን እንደምንፈልግ መናገር ነው። የኮሌጁን የባለአደራዎች ቦርድ አባላት ደግሞ የሚሾመው የስቴቱ ገዥ ነው፤ አሥር ወንበር ነው ያለው፣ አንዱ የተማሪ። ማመልከት ይቻላል።

የገንዘቡን ነገር ካነሳን፣ የእኛ የአረጋውያን እንክብካቤ ድርጅቶች፣ የፓርኪንግ ኩባንያዎች፣ ምግብ ቤቶችና የሒሳብ ቢሮዎች ከሠራተኞቻቸው መካከል በዚህ ኮሌጅ ክፍሎች ያለፉ አሏቸው። አሥር ባለንብረቶች ተስማምተው ጥገኝነት ለሚጠብቁ ተማሪዎች የሚውል አንድ ፈንድ በፋውንዴሽኑ በኩል ማቋቋም ይችላሉ። እያንዳንዱ በስሙ ትንሽ ስኮላርሺፕ ከሚያቆም ይህ ይሻላል፤ ለፕሬዚዳንቱም ሌሎች ለጋሾች ፊት የሚያሳየው ምሳሌ ይሆነዋል።

ይህን ስጽፍ አገር ቤት ያለውንም አስባለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ሌሎቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። ስድስት ኪሎ ስጦታን ያውቃል። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተዋል፤ የሕግ ፋኩልቲው በፎርድ ፋውንዴሽን እገዛ ተቋቁሟል፤ የስዊድን መንግሥት ምርምሩን ለአሥርት ዓመታት ደግፏል። ቤተ መንግሥት መስጠት ግን የመምህራንን ደሞዝ አይከፍልም፤ ለዚያ የመንግሥት በጀት ያስፈልጋል። ራስ ገዝነት መንግሥት እጁን የሚሰበስብበት ሰበብ ከሆነ፣ ቀዳዳውን መጀመሪያ የሚሞላው የተማሪው ክፍያ ይሆናል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ደጋግሞ የሆነው ይህ ነው። የስድስት ኪሎ መሪዎች ለአልሙናይ ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት የመንግሥት ድርሻ በቀመር እንዲታሰር፣ በየዓመቱ በበጎ ፈቃድ እንዳይወሰን፣ ምክር ቤት ፊት መሟገት ይኖርባቸዋል። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ሲደርስ የሚመልስለት ሰው ሞልቷል።

ወደ ሞንትጎመሪ ስመለስ፣ በመጪው በጀት ላይ የማያቸው መስመሮች ጥቂት ናቸው። ካውንቲው ለኮሌጁ የሚመድበው ካለፈው ዓመት በላይ ነው ወይስ በታች? የትምህርት ክፍያው በክሬዲት ስንት ተጨመረ? የእንግሊዝኛ ክፍሎቹ ቁጥር ስንት ነው? ከፋውንዴሽኑ ወጪ ምን ያህሉ በአስቸኳይ ድጋፍና ፔል ለማይደርሳቸው ተማሪዎች ወጣ? ሰነዶቹ ለሕዝብ የሚወጡ ናቸው፤ የኤፕሪሉ ምዝገባም ለማንኛውም ነዋሪ ክፍት ነው፣ ዜግነት አይጠይቅም።